ከሾዓ፣ ከናዚዎች የአይሁድ እልቂት፣ የተረፉ አንዲት እናት የነገሩኝን ቃል እንዴት ላቆየው?

የሐይፋዋ፦

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በእስራኤል አገር በሐይፋ ከተማ የምኖርና አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብ፣ በዚህ አገር አጠራር መታፔሌት የምባል ሴት ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የምረዳቸው አዛውንት 96 ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ዛሬ ሩማንያ ውስጥ በምትገኘው፣ በጦርነቱ ጊዜ ግን በሃንጋሪ ሥር በነበረችው በክሉዥ ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 በ15 ዓመታቸው ከወላጆቻቸውና ከታናሽ እኅታቸው ጋር ናዚዎች አይሁዶችን ወደሚፈጁበት ሰፈር፣ ወደ አውሽቪትዝ ተወስደው ከቤተሰቡ እርሳቸው ብቻ ተርፈዋል። «እማማ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው አይሰሙኝም።

ታሪኩን የነገሩኝ «እስቲ ያጫውቱኝ» ብያቸው አይደለም፤ በሥራ መካከል እየተንጠባጠበ ነው የመጣው። ገላቸውን ሳጥባቸው ቧንቧውን ከላይ መክፈት እንደሌለብኝ፣ ውኃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከእግራቸው ጀምሬ ማፍሰስ እንዳለብኝ የተማርኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱን የነገሩኝ ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው። ትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ሳገኝም የእርጅና ነገር መስሎኝ ጥዬው ነበር። በማግሥቱ ስመጣ ሳይተኙ እንዳደሩ ከዓይናቸው አየሁ፤ አልተቆጡኝም፣ ዝም ብለው ሌላ ዳቦ ጠቅልለው እዚያው መለሱ። የጡብ ፋብሪካው፣ የባቡሩ ፉርጎ፣ የአባታቸው ባርኔጣ፣ የእኅታቸው ሹሩባ ከዚያ በኋላ አንድ ባንድ እየተከተለ መጣ።

ይህ ቃል ከእርሳቸው ጋር አብሮ እንዳይቀበር እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደሚያዝ ግን አላውቅበትም። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንድ ቀን ባቡሩ ሦስት ቀን ተጓዘ ይሉኛል፤ ሌላ ቀን አራት ይሆናል። ከባቡር ሲወርዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የለያቸው የአውሽቪትዙ የናዚ ሐኪም መንጌሌ ራሱ እንደሆነ፣ ነጭ ጓንትም አጥልቆ እንደነበረ ደጋግመው ነግረውኛል፤ አንድ ጊዜ ግን «ሐኪም መሰለኝ፤ ማን እንደሆነ በዚያ ሰዓት ማን ያውቃል?» አሉኝ። እንዳለ ብጽፈው የሚያነበው ሰው ውሸት ነው እንዳይል እፈራለሁ፤ አስተካክዬ ብጽፈው ደግሞ የእርሳቸው ቃል መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል። በዚያ ላይ ለእኔ በዕብራይስጥ ሲናገሩ ይቆዩና ሲደክማቸው ወደ ሃንጋሪኛ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ «እሺ፣ እሺ» ከማለት በቀር የምሰማው የለኝም።

ወንድ ልጃቸው «እናቴ ለእኛ ነግራን አታውቅም፤ አሁን በስተርጅና አታስጨንቂያት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ለእናቴና ለልጆቼ በአማርኛ ልነግራቸው እመኛለሁ፤ እናቴ በሱዳን በኩል በእግሯ የመጣች፣ ዕብራይስጥ የማትሰማ፣ እኔ በየቀኑ የምሄድበትን ቤት ግን በስም የምትጠይቅ ሴት ናት። ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ።

መዝገብ ያዥ፦

ውድ እኅቴ፣ ሙያዬ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ሥራ ስለሆነ ከሥራው ቅደም ተከተል ልጀምር። ስልክዎን አውጥተው ከመቅረጽዎ በፊት የእማማን ፈቃድ በግልጽ ይጠይቁ፤ እርስዎ ተቀጥረው ቤታቸው የሚገቡ ሰው ስለሆኑ ልጃቸው ባሉበት ቢሆንና በአጭሩ በጽሑፍ ቢሰፍር ለሁላችሁም ይበጃል። ፈቃዱ «መቅረጽ ይቻላል» በሚል ብቻ አይብቃ። ማን ይሰማዋል፣ ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላስ በማን እጅ ይሆናል፣ የትኛው ክፍል ለሰው እንዳይወጣ ይፈልጋሉ የሚሉትም ይጠየቁ። ዛሬ እሺ ብለው ነገ እምቢ ካሉም እምቢታቸው ይጸናል።

ቀጥሎ፣ ከዚህ ቀደም ቃላቸውን ሰጥተው እንደሆነ ያጣሩ። ፊልም ሠሪው ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመው ድርጅት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ56 አገሮችና በ32 ቋንቋዎች ከ50,000 በላይ ሰዎችን በየቤታቸው እየሄደ ቀርጿል፤ ለተቀረጸው ሰውም አንድ ቅጂ ይሰጥ ነበር። ለልጆቻቸው ትንፍሽ ሳይሉ ካሜራ ፊት የተናገሩ ብዙ ናቸውና በቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ የቪዲዮ ካሴት ቢገኝ አይደነቁ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ስብስብም አለ፤ ሥራው የተጀመረው በ1979 ሲሆን ከ4,400 በላይ ምስክርነቶችን ይዟል። ሁለቱ የተከተሉት መንገድ የተለያየ ነው። የስፒልበርጉ ረጅም መጠይቅ አስቀድሞ አስሞልቶ ከጦርነቱ በፊት፣ በጦርነቱ ጊዜና ከጦርነቱ በኋላ እያለ በተራ ያስኬዳል፤ በመጨረሻም ቤተሰቡ ገብቶ ፎቶግራፎች ይታያሉ። የዬሎቹ ግን መሪነቱን ለተናጋሪው ትተው ጠያቂው በተቻለ መጠን ዝም እንዲል ያደርጋሉ። ለእርስዎ ሁኔታ የሁለተኛው መንገድ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እማማ ቀድሞውንም በራሳቸው ጊዜና በራሳቸው በር ነው የገቡት።

እስካሁን ካልተቀረጹ በኢየሩሳሌም ያለው የሾዓ መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም ባለሙያዎቹን ተራፊዎች ቤት ድረስ ልኮ ይቀርጻል። ከዚያም ሌላ አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ፤ የወላጆቻቸውና የታናሽ እኅታቸው ስም በያድ ቫሼም የስሞች መዝገብ ውስጥ መኖሩን ይፈትሹ። የምስክርነት ቅጽ የሚባለው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የሟቹ ስም፣ የወላጆች ስም፣ የትውልድ ቦታና የሞላው ሰው ፊርማ ይሰፍርበታል። መቃብር ለሌለው ሰው የመቃብር ድንጋይ እንደማለት ነው።

ስለ አቀራረጹ የምጨምረው ከአንድ ታሪክ ጋር ነው። ዴቪድ ቦደር የተባለ፣ በላትቪያ ተወልዶ ቺካጎ ያስተምር የነበረ የሥነ ልቡና ምሁር፣ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ በ1946 በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ፣ በጣልያንና በጀርመን ወደ 130 የሚጠጉ ተፈናቃዮችን በዘጠኝ ቋንቋዎች አናገረ። እያንዳንዱን ሰው በሚቀልለው ቋንቋ ማናገሩ ሥራውን እስከ ዛሬ ሕያው አድርጎታል። ሆኖም በፈረንሳይ አገር የቀረጻቸው መዝሙሮች ያሉበት አንድ ጥቅል ሽቦ መለያው ላይ የቦታው ስም ተሳስቶ ስለተጻፈ ለአሥርተ ዓመታት የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት ኦሃዮ ውስጥ በአንድ ቤተ መዛግብት ሣጥን ተገኘ፤ የሚያጫውተውን መሣሪያ ለማዘጋጀትም ብዙ ተለፋ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቅጂ ሲጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በድምፅ ይናገሩ፤ በሦስት የተለያዩ ቦታዎችም ያስቀምጡ። ዋናውን ቅጂ አይቁረጡ፤ ድምፁን «ለማሳመር» ተብሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መነካካትም ይቅር። በ2025 የአውሽቪትዝ መታሰቢያ ሙዚየም በማኅበራዊ ገጾች የሚዘዋወሩ፣ በዚህ ዘዴ የተፈጠሩ የሐሰት የተጎጂ ምስሎችን በይፋ ሲቃወም አይተናል፤ እውነተኛውን ድምፅ ከእነዚያ ጋር የሚያመሳስል ነገር እኛው መጨመር የለብንም።

የታሪክ መምህሩ፦

ባቡሩ ሦስት ቀን ነው ወይስ አራት ስለሚለው ጥያቄ ብቻ ልመልስ፤ የነገሩ እምብርት እርሱ ነው ብዬ አምናለሁና።

ሰነዱ የሚነግረንን እናውቃለን። ጀርመኖች ሃንጋሪን የያዙት በመጋቢት 1944 ነው፤ የክሉዥ አይሁዶች በአንድ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ታጉረው ከቆዩ በኋላ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ሳምንታት በስድስት ባቡሮች ተጋዙ። በአጠቃላይ ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 9 ባለው ጊዜ ከሃንጋሪ ከ430,000 በላይ ሰዎች የተጋዙ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አውሽቪትዝ በደረሱበት ዕለት በጋዝ ተገድለዋል። ይህን ከእማማ መስማት አያስፈልገንም፤ ገዳዮቹ ራሳቸው ቆጥረው መዝግበውታል። የአባትየውን ባርኔጣ የመዘገበ ግን የለም።

ዶሪ ላውብ የተባለ፣ ራሱም በልጅነቱ ከዚያ መከራ የተረፈና በዬል ምስክርነት መሰብሰብ ከጀመሩት አንዱ የሆነ የአእምሮ ሐኪም የጻፈው ገጠመኝ አለ። አንዲት በስድሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት በጥቅምት 1944 በአውሽቪትዝ እስረኞች ያስነሡትን ዐመፅ ስትተርክ፣ ቀዝቃዛ የነበረው ድምፅዋ በድንገት ነድዶ፣ አራት የጭስ ማውጫዎች በእሳት ሲፈነዱ አየሁ አለች። ቃሏን በስብሰባ ላይ ያዩ የታሪክ ምሁራን «የፈረሰው አንድ የጭስ ማውጫ ነው፤ አራት አይደለም፤ ስለዚህ ይህች ሴት አትታመንም» አሉ። ላውብ ግን ሴትዮዋ የምትመሰክረው ስለ ቁጥሩ ሳይሆን፣ ሊሆን አይችልም ተብሎ የታሰበ ነገር በዓይኗ ፊት ስለመሆኑ ነው ሲል ተከራከረ። እኔ በበኩሌ ለሁለቱም ወገን ፍርድ አለኝ። የጭስ ማውጫውን ቁጥር የሚፈልግ ሰነድና የሌሎችን ቃል ያመሳክር፤ ዐመፁን ያየ ሰው ውስጡ ምን እንደሆነ የሚፈልግ ደግሞ ያችን ሴት ይስማ። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱን ጥያቄ ለሌላው ስናቀርብ ነው።

የመንጌሌም ነገር እንዲሁ ነው። ከባቡር በሚወረድበት መድረክ ላይ ሰው የሚለዩት ሐኪሞች ብዙዎች ነበሩ፤ በፈረቃም ይሠሩ ነበር። ሆኖም መንጌሌ ነው የለየኝ የሚሉ ተራፊዎች ቁጥር እርሱ በዚያ በቆመባቸው ሰዓታት ሊለያቸው ከሚችለው በላይ መሆኑን ተመራማሪዎች አስተውለዋል። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ ከባቡር ወርዳ ያየችው ስም የሌለው ፊት ነው፤ ስሙን ከጦርነቱ በኋላ ከጋዜጣ፣ ከፍርድ ቤት ዜናና ከሌሎች ተራፊዎች ሰማች፤ ስም የሌለው ፊትም ስም አገኘ። እርስዎ የጠቀሱት «ማን እንደሆነ በዚያ ሰዓት ማን ያውቃል» የሚለው ቃላቸው ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ የልጅቷን ዓይንና የአዛውንቷን ዕውቀት ለይተው ያሳዩበት ቅጽበት ነውና። ስለዚህ አያስተካክሉ። ሁለቱንም አባባል ከነቀኑ ይጻፉ፤ ማብራሪያ ካስፈለገ ከቃላቸው ውጭ፣ በእርስዎ ስም ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ በሚሺጋን ይሠራ የነበረ ሄንሪ ግሪንስፓን የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ተራፊዎችን አንድ ጊዜ ቀርጾ ከመሄድ ይልቅ፣ ያንኑ ሰው ለዓመታት እየተመላለሰ ማነጋገርን መረጠ። ሰው ታሪኩን በየጊዜው የሚነግረው ከአድማጩ ጋር ሆኖ፣ አድማጩ ምን ሊሸከም እንደሚችል እየመዘነ ነው ከሚል አቋም የተነሣ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያዳመጡ እርስዎ፣ ሳያስቡት በዚህ መንገድ ላይ ነዎት።

ዝም አይነቅዝም፦

ሁላችሁም ስለ መቅረጫው ታወራላችሁ፤ እኔ ግን ተቃራኒውን ልናገር። እኒህ እናት ለእኅታችን የነገሯት መቅረጫ ስላልያዘች ነው። ለልጃቸው ያልነገሩትን ለእርሷ የነገሩት የምታጥባቸው እጅ ስለሆነች፣ ሰምታም ለማንም ስለማትናገር ይመስለኛል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕለት ያ ነገር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ለሕዝብ የተዘጋጀ ንግግር ነው።

በየትምህርት ቤቱ ሲዞሩ የኖሩ ተራፊዎችን አድምጫለሁ። አክብሮቴ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ያው ታሪክ ሁለት መቶ ጊዜ ሲነገር ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ተማሪዎች የሚያለቅሱበት ቦታ ይታወቃል፣ ለአፍታ ዝም የሚባልበትም ቦታ ይታወቃል። አሁን ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ፒንካስ ጉተር የተባሉትን ተራፊ ለቀናት ከመቶ በላይ በሆኑ ካሜራዎች ከብበው ከአንድ ሺህ በላይ ጥያቄዎች አስመልሰዋቸው፣ ጎብኚው ሲጠይቅ ምስላቸው ተስማሚውን መልስ እየመረጠ እንዲናገር ተደርጓል። መልሱ ሁሉ የራሳቸው ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ማሽኑ አይፈጥርም። ነገር ግን ያ ምስል አይደክመውም፤ ጠያቂውንም አይቶ «ይህ ላንተ አይነገርም» ሊል አይችልም። እማማ ግን ይችላሉ፤ ለልጃቸውም ብለውታል። ይህም ቢሆን ከቃላቸው ይቆጠርላቸው።

መዝገብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ የመረጡት የብዕር ስም ለክርክሩ ይስማማል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዝምታም ይነቅዛል። የካሳ ጉዳዮችን የሚከታተለው የአይሁዶች ጉባኤ በጥር 2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በሕይወት የነበሩት ተራፊዎች ወደ 245,000 ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሎቹ በእስራኤል ይኖሩ ነበር፤ መካከለኛ ዕድሜያቸውም 86 ነበር። ያ ማለት አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ ማለት ነው። በ15 ዓመቱ በዚያ የባቡር መውረጃ ላይ ቆሞ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ደግሞም ለልጃቸው የተናገሩት ዝምታ የመጨረሻ ቃላቸው መሆኑን ማን ነገረን? በእስራኤል ራሷ እስከ 1961ዱ የናዚው መኮንን የአይክማን ችሎት ድረስ ብዙዎች ያልተናገሩት ሰሚ ስላላገኙ ነበር። ከመቶ በላይ ምስክሮች በየተራ ሲቀርቡ አገሩ ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ ሰማ፤ የሚሰማ ሲገኝም የሚናገር በዛ። ስለ ስልኩ ያሉት ግን ልክ ነው፤ እርሱን እኅታችን በጥንቃቄ ታየዋለች።

የእናቱ አስተርጓሚ፦

እኔ የምኖረው ሬሆቮት ነው፤ እናቴም እንደ ጠያቂዋ እናት በሱዳን በኩል የመጣች ናት። ከ2011 ጀምሮ በዚህ አገር «ዝካሮን ባሳሎን» የሚባል ልማድ አለ፤ በሾዓ መታሰቢያ ዕለት ዋዜማ ሰዎች ሳሎናቸውን ከፍተው አንድ ተራፊ ጋብዘው ያዳምጣሉ፣ ከዚያም ይወያያሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛ ሳሎን ተደርጎ ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ፤ ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ።

እንግዳው «ማሐኔ» ሲሉ እኔ «ካምፕ» አልኩ። ለእናቴ ትውልድ ካምፕ ማለት የሱዳኑ የስደተኞች ሰፈር ኡም ራኩባ ነው፤ ድንኳን፣ ረኃብ፣ ወባ፣ በየቀኑ የሚቀበር ሕፃን። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና «ቀይ መስቀሎች እህል አላመጡላቸውም?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እርሷ የሰማችው ሰው ያለቀበትን የስደት ሰፈር እንጂ ሰውን ለመግደል ታስቦ የተሠራ ቦታን አልነበረም። ስለዚህ ባቡሩ ሰዎቹን ወዴት እንደወሰዳቸውና ቤቱ ለምን እንደተሠራ በረጅሙ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «የሞት ካምፕ» የሚለው አጭር ቃል ብቻውን አይበቃም። «ሴሌክጽያ» የሚሉትን ደግሞ «ምርጫ» ብዬ ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን የድምፅ መስጫ መስሏት ግራ ተጋባች። አሁን «ለሞትና ለሥራ የሚለዩበት» እላለሁ፤ ይረዝማል፣ ግን አይስትም።

«ሆሎኮስት» የሚለውን ቃልም ለታላላቆቻችን ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። ከግሪክ የመጣ ሲሆን መነሻው በመጽሐፍ ቅዱሳችን «የሚቃጠል መሥዋዕት» የምንለው ነው፤ የተገደሉትን ሰዎች መሥዋዕት ማለት ደግሞ ማን አቅራቢ፣ ማን ተቀባይ ሊሆን ነው? ዕብራይስጡ «ሾዓ» በነቢዩ ሶፎንያስ መጽሐፍ እንዳለው ጥፋት ማለት ነው፤ ቄሶቻችንም ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

ስለ ማድመጥ ደግሞ የእኛው ባሕል ያመጣብንን ልናገር። እኛ ሐዘን ስንሰማ ከንፈር እንመጣለን፤ «ውይ፣ እኔን» እንላለን፤ ሰውየው ሊያለቅስ ሲል «አይዞህ፣ ይብቃህ፣ አታስታውሰው» ብለን እንዘጋዋለን። ይህ ለለቅሶ ቤት የተሠራ ደግነት ነው። ምስክርነት በሚሰጥበት ቤት ግን «ይብቃህ» ማለት «አትናገር» ማለት ይሆናል፤ እንግዳችንም ሁለት ጊዜ ቆመው፣ ያስቸገሩን መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁን። እኅቴ፣ ቅጂዎን ሲያዳምጡት ከእማማ ድምፅ ይልቅ የራስዎ የከንፈር መጠጣ ጎልቶ እንዳያገኙት።

ለልጆችዎ ሲነግሩም የአማርኛችንን አንድ ወጥመድ ልብ ይበሉ። «ባቡር ውስጥ ታጉረው ነበር አሉ» ካልን ታሪኩ ወዲያው ከተረትና ከወሬ ጋር ይደባለቃል፤ «አሉ» ባለቤት የሌለው ነገር ማሳለፊያ ነውና። «አፈ ታሪክ»ም እንዲሁ፤ ስሙ ውስጥ ጥርጣሬ አለበት። አባቶቻችን በዳኛ ፊት ቆሞ ያየውን ለሚናገር ሰው «እማኝ» የሚል ቃል አላቸው፤ እርሱ ይሻላል። «እማማ በገዛ አፋቸው፣ ገላቸውን ሳጥባቸው፣ እንዲህ ብለው ነገሩኝ» ይበሉ። የነገራቸው ማን እንደሆነ፣ የሰማው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይታወቃል። እማማን ሆነው «እኔ» እያሉ አይተርኩ።

እናቴ በዚያ ምሽት እንግዳውን ስትሸኝ በመንገድ ላይ የቀበረቻቸውን ሁለት ልጆቿን ስም ነገረቻቸው። እኔ የሁለተኛውን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለቱ መከራዎች አይመሳሰሉም፤ እናቴም አላመሳሰለችም። ስም ሰማች፣ ስም መለሰች።

የሐይፋዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እስካሁን የተደረገውን ልንገራችሁ።

በቁም ሣጥን ውስጥ ካሴት አልተገኘም። ልጃቸው በያድ ቫሼም መዝገብ ሲፈልግ የአያቶቹን ስም አንድ ዘመድ ከብዙ ዓመታት በፊት ሞልቶት አገኘ፤ የአክስቱ ስም ግን አልነበረም። ቅጹን አትሞ አመጣና ከእናቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ሻይ አፈላ ነበር። ዕድሜዋን ሲጠይቃቸው «ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር» አሉት ሳያመነቱ። በሦስትና በአራት ቀን መካከል የሚለዋወጥባቸው የባቡሩ ጉዞ ነው እንጂ የእኅታቸው ዕድሜ አንድም ቀን ተለዋውጦ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ አታስጨንቂያት ብሎኝ አያውቅም።

ዝም አይነቅዝም ያሉት ወንድሜ የተናገሩት ስላስጨነቀኝ፣ ገላ በማጥብበትና በማስተኛበት ሰዓት ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ለመቅረጽ ማክሰኞ ከሰዓትን ራሳቸው መረጡ። በመጀመሪያው ቀን እንደተመከርኩት ቀኑን፣ ከተማውንና የእርሳቸውን ስም ተናግሬ ዝም ስል፣ እማማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «አንቺስ? አንቺ እዚህ የለሽም?» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም አስጠሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው የጀመሩት። የጀመሩትም ከባቡሩ አልነበረም፤ እናታቸው አርብ አርብ ሊጥ ሲያቦኩ እኅትየው ከጎድጓዳው ጠርዝ እየቆነጠረች ስለምትሰርቀው ሊጥ ነው።

ከቅጂው ውስጥ 11 ደቂቃ ያህሉ በሃንጋሪኛ ነው። ልጃቸው ቋንቋውን በልጅነቱ ይሰማ እንደነበር፣ አሁን ግን ግማሹ እንደሚያመልጠው ነገረኝ። ሃንጋሪኛ በደንብ የሚያውቅ፣ ከቤተሰቡ ፈቃድ ውጭ ለማንም የማያሳልፍ፣ በተቻለ መጠንም በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በዚህ ገጽ ጻፉልኝ።